የእንግሊዙ ቄስ ሮጀር ካውሊና የአንድምታ ትርጓሜ ጥናት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት ትምህርት ነበረ። የገብስና የበግ አገር በሆነው በዚህ ብርዳም ምድር ሕፃኑ ባናውን ተከናንቦ በደብሩ ቅጥር ሥር ከየኔታው ፊት ይቀመጥ፣ ፊደል ይቈጥር፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነብ፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግም ነበር። ከዚህ በኋላ አብዛኛው ወደ እርሻውና ወደ መንጋው ሲመለስ ጥቂቱ አኰፋዳውን አንግቶ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ደግሞ ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። ይህ ጕዞ ተማሪውን ከወንጭትና ከጀማ ሸለቆዎች አሻግሮ እስከ ጎጃምና እስከ ጎንደር ድረስ ይወስደው ነበር። የጕዞው መድረሻ የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። በዚህ ደረጃ ንባቡ የግዕዝ ሆኖ የሚሰጠው ማብራሪያ የአማርኛ ነው፤ መምህሩ አንዱን ፍች ከሌላው ጋር በሚያያይዝበት ቃል የተነሣም ትምህርቱ በሙሉ «አንድምታ» ተብሎ ይጠራል።

ሊቃውንቱ ይህን ትምህርት ከመምህራቸው ተቀብለው ለደቀ መዛሙርታቸው ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ትርጓሜው ከየት እንደ ተገኘ፣ በየትኛው ዘመን መልኩን እንደ ያዘና ከሌሎች የክርስቲያን አገሮች ትርጓሜ ጋር ያለው ዝምድና ምን እንደ ሆነ ጽሑፍን ከጽሑፍ እያመሳከረ በስፋት የመረመረ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥራውን በስፋት ያከናወኑት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስና የነገረ መለኮት መምህር የነበሩት ሮጀር ካውሊ ናቸው። የካውሊ ጥናት ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአማርኛ ከፍተኛ ትምህርት መስጠት ይቻላል ወይስ አይቻልም እየተባለ በየጊዜው ለሚነሣው ክርክርም ሆነ፣ በየገጠሩ ፊደል ለሚያስቈጥረው መምህር ዕለታዊ ችግር የሚሰጠው ማስረጃ ቀላል አይደለም።

ካውሊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በ1960ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በጎንደር አካባቢ በቤተ እስራኤል መካከል ይሠራ ከነበረው የእንግሊዝ ሚሲዮን ጋር አገለገሉ። ይህ ሚሲዮን በ1809 ለንደን ላይ የተቋቋመው ማኅበር ቅርንጫፍ ሲሆን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እነ ማርቲን ፍላድና ቄስ ሄንሪ ስተርን በመጡበት ወቅት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሲሰጡ ያኖሩት አንድ ግዴታ ነበር። ሚሲዮናውያኑ የሚያስተምሯቸው ሰዎች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቃሉ እንጂ ለብቻው የተለየ ቤተ ክርስቲያን አይቋቋምላቸውም። ግዴታው ከዘመን ወደ ዘመን ተሻግሮ የሚሲዮኑን አሠራር ቀርጾታል። ለካውሊ ትጋት አንደኛው ምክንያት ከዚህ ሳይመነጭ አልቀረም፤ ደቀ መዛሙርቱ የሚገቡባት ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ከሆነች፣ እርስዋ መጽሐፍን እንዴት እንደምትተረጕም ሳያውቁ ማስተማር በጨለማ እንደ መሄድ ነውና።

ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ሚሲዮናዊ የሰሜን ሸዋን ደጋ ሲያይ ካውሊ የመጀመሪያው አይደሉም፤ ያውም የካውሊ የሥራ ቦታ ጎንደር እንጂ ሸዋ አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር የተላኩ ሁለት የጀርመን ተወላጆች፣ ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ወደ አንኮበር ደርሰዋል። ኢዘንበርግ ወራት ብቻ ቈይተው ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። የፊደል ማስተማሪያ፣ የጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ መጻሕፍትንም በአማርኛ አዘጋጅተው በዚያው በለንደን አሳትመዋል። በመሆኑም በአማርኛ ከታተሙት የመማሪያ መጻሕፍት እጅግ ቀደምቶቹ ለሸዋ ታስበው የተዘጋጁ ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ክራፕፍ ግን እስከ መጋቢት 1842 በአንኮበር ቈዩ። ሕፃናትን ሰብስበው ለማስተማር ሞከሩ፤ ነገር ግን ንጉሡ ከፈረንጅ ይፈልጉ የነበረው በይበልጥ መድኃኒትን፣ የእጅ ሥራ ጥበብንና የጦር መሣሪያን ነበርና የትምህርቱ ጕዳይ ሥር ሳይሰድ ቀረ። ወደ ጎንደር ለመሄድ ሲነሡ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ከሚኖሩበት ከሰላ ድንጋይ አልፈው፣ መንዝንና ግሼን አቋርጠው ወሎ ገቡ። እዚያም የአካባቢው ባላባት የነበረው አዳራ ቢሌ አስሮ ንብረታቸውን በሙሉ ዘረፋቸው፤ ባዶ እጃቸውንም በየጁና በላስታ በኩል አድርገው ምጽዋ ደረሱ። ክራፕፍ የጉዞ ማስታወሻቸውን ከኢዘንበርግ ማስታወሻ ጋር በ1843 አሳትመዋል፤ ስለዚያ ዘመን መንዝ ከሚነገሩት የዐይን ምስክሮች አንዱ ይኸው ነው። በኋላ ሥራቸው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቢዛወርም የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እንደገና በማረም ደክመዋል።

ክራፕፍና ካውሊን የሚለያቸው የዘመን ርቀት ብቻ አይደለም። ክራፕፍ ወደ ሸዋ የመጡት ሊያስተምሩ ነበር፤ ከደብተራዎችና ከመነኮሳት ጋር ብዙ ተከራክረዋል፤ የብራና መጻሕፍትንም ሰብስበው ወደ አውሮፓ ልከዋል። ከክርክሩ ሁሉ ውስጥ ግን የየኔታው ጉባኤ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ነገር በጥቂቱ እንጂ አይገኝም። ካውሊ ደግሞ ቀድመው የተማሪነት ቦታ ያዙ። የአንድምታን መምህራን ጠየቁ፣ አዳመጡ፣ ከቃል የሰሙትን ከብራናና ከወረቀት ጽሑፍ ጋር አመሳከሩ።

የካውሊ ጽሑፎች በመጀመሪያ የታዩት በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ፣ በ1967 የወጣው፣ ስለ ትርጓሜ ሳይሆን የአማርኛን የአጻጻፍ ሥርዐት አንድ ወጥ ስለ ማድረግ የሚናገር ነው። ጕዳዩ እስከ ዛሬ በክፍል ውስጥ ያለ ችግር ስለሆነ ቈም ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

አማርኛ ፊደሉን የወረሰው ከግዕዝ መሆኑ የታወቀ ነው። በጥንቱ ግዕዝ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ግን ድምፆቹ ተቀላቅለው አንድ ሲሆኑ ፊደሎቹ እንዳሉ ቀሩ። ስለዚህ ሕፃኑ በጆሮው የማይለየውን በዐይኑ መለየት ግዴታው ሆነ። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ታየ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነትን ያመለክታል፤ «ሠዐለ» ሥዕልን ሲናገር «ሰአለ» ልመናን ይናገራል፤ ይቅርታን የሚያመለክተው «መሐረ» እና ትምህርትን የሚያመለክተው «መሀረ» የሚለያዩትም በአንዲት ፊደል ነው። ግዕዝ የተማረ ሰው ሥሩን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። ከመንደሩ ትምህርት ቤት በአማርኛ ብቻ የተማረው ልጅ ግን የሚመካበት ሥር የለውም፤ ያለው ምርጫ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ማስታወስ ብቻ ነው። መምህሩ ራሱ ዛሬ «ጸሐይ» ነገ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ልጁ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል?

በዚህ ክርክር ውስጥ የሸዋ ሊቃውንት ድርሻ ከፍተኛ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም ሳሉ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በረዥም ድካም አሰናዱት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድም ሳይታተም ስላረፉ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። አለቃ ደስታ ራሳቸው ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ዐዲሱን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። ሦስት ትውልድ የመምህርና የተማሪ ሐረግ ባንድ ሐሳብ ላይ ይህን ያህል ዘመን መቈየቱ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ምን ያህል ጽናት እንዳለው ያሳያል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ፊደሉ እንደየሥሩ መጻፍ አለበት ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ የቃላቱን ተራም ከተለመደው ከሀለሐመ ወደ አበገደ መልሰው አሰናድተዋል። ከነርሱ በተቃራኒ የቆሙት ደግሞ ሞክሼ ፊደሎች ተቀንሰው ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ይበቃል የሚሉ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚም የዚህኑ ክርክር ሸክም ተረክቧል።

እዚህ ላይ የውጭ አገር አጥኚ መግባቱ ጥቅም ነበረው። ካውሊ ከሁለቱም ወገን አልነበሩም፤ የቤተ ክህነቱን ክብር የሚያስጠብቅ ርስት ወይም የማተሚያ ቤቱን ወጪ የሚያስቀንስ ጥቅም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1976 «ቋንቋ በኢትዮጵያ» በሚል ርእስ በታተመው ትልቅ የጥናት ስብስብም የአማርኛን ቋንቋና የኢትዮጵያን ፊደል ሥርዐት የሚገልጹትን ምዕራፎች ከማርቪን ቤንደርና ከሌሎች የቋንቋ ምሁራን ጋር ሆነው አዘጋጅተዋል፤ በአማርኛው ምዕራፍ ኀይሉ ፉላስና ጌታቸው ኀይሌም ተሳትፈዋል። በዚያን ዘመን ለቋንቋ ፖሊሲ አውጪዎች ከቀረቡት ሰነዶች ይህን የሚያህል ሰፊ መሠረት ያለው ጥቂት ነው።

ከ1971 ጀምሮ ግን የካውሊ ዋና ትኵረት አንድምታ ሆነ። በዚያው መጽሔት ላይ ስለ ባለ አንድም ትርጓሜዎች የመጀመሪያ ደረጃ ማስታወሻ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስለ አንድምታ ትውፊት አጀማመር፣ በ1974 ደግሞ የብሉይ ኪዳን መቅድም በአንድምታ እንዴት እንደሚቀርብ የሚያስረዱ ጽሑፎች አወጡ።

አንድምታ በጉባኤ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ ለዘመናዊው መምህርም ይጠቅማል። ትምህርቱ በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። አራቱንም የፈጸመ «አራት ዐይና» ይባላል። በጉባኤው አንድ ተማሪ የግዕዙን ንባብ ያሰማል። መምህሩ በመጀመሪያ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ሐተታ ይሰጣል፤ ታሪክ ካለው ታሪኩን ይተርካል፤ በሌላ ቅጂ የተለየ ንባብ ካለም «አብነት» ብሎ ይጠቅሳል። ቀጥሎ «አንድም» እያለ ሌሎቹን ፍቾች በተርታ ያሰልፋቸዋል። የአቀራረቡን ሥርዐት ለማሳየት ያህል ብቻ፣ በንባቡ ውስጥ «ውሃ» የሚል ቃል ቢገኝ መምህሩ የሚጠጣውን ውሃ ብሎ ይጀምርና፣ አንድም ጥምቀት ነው፣ አንድም ትምህርት ነው፣ አንድም መከራ ነው እያለ ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ከሌላ የመጽሐፍ ክፍል እየጠቀሰ ሊቀጥል ይችላል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ከጉባኤው በኋላም ከባልንጀሮቹ ጋር ተቀምጦ የሰማውን ይከልሳል፤ የሳተውን የቀደመው ተማሪ ያርመዋል።

የትርጓሜው ቃል ለረዥም ዘመን በአፍ ሲተላለፍ ቈይቶ በብዛት የተጻፈው ዘግይቶ ስለሆነ፣ በጽሑፍ ሲሰፍርም የጉባኤውን ድምፅ እንደ ያዘ ነው። ጥያቄና መልሱ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ የአገር ቤት ንጽጽሩ ሁሉ አለበት። ሩቅ አገር ያለ ነገር በአገር ውስጥ በሚታወቀው ይመሰላል። ይህ ደግሞ የማስተማር ብልሃት ነው፤ ተማሪው ያላየውን ካየው ያስጀምረዋል። በዘመናዊ የመምህራን ማሠልጠኛ «ከታወቀው ወደ ማይታወቀው» እየተባለ ከውጭ መጻሕፍት ሲጠቀስ የኖረውን መመሪያ የመርሐ ቤቴ የኔታ ያለ መመሪያ መጽሐፍ ሲሠራበት ኖሯል።

ሊቃውንቱ የትርጓሜያቸውን ሐረግ ሲቈጥሩ በጎንደር ዘመን ወደ ነበሩት ወደ መምህር ኤስድሮስ ያደርሱታል። በ«ላይ ቤት» እና በ«ታች ቤት» መካከል ያለው ልዩነትም ከእኚህ ሊቅ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ታች ቤት የሚባለው የእርሳቸውን መንገድ የተከተለው ሲሆን ላይ ቤት ቀድሞ የነበረውን ይዤአለሁ ይላል። ካውሊ ስለ መምህር ኤስድሮስ የተለየ ጥናት አቅርበዋል። የትውፊቱን ምስክርነት አልናቁም፤ በዚያው ግን ሳይወሰኑ ትርጓሜውን ከግዕዝ ቀደምት ጽሑፎች ጋር እያስተያዩ ወደ ኋላ ተከተሉት።

ያገኙት ውጤት ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳትን ከእስክንድርያ ስትቀበል ስለኖረች ትርጓሜዋም የእስክንድርያን ምሳሌያዊ መንገድ ብቻ የተከተለ መስሎ ይታሰብ ነበር። ካውሊ ግን የአንድምታው መሠረት፣ ታሪኩንና የቃሉን ቀጥተኛ ፍች ከሚያስቀድመው ከአንጾኪያ መንገድ ጋር በእጅጉ የተዛመደ መሆኑን አሳዩ። ከመተላለፊያዎቹ አንዱ በባግዳድ ይኖር የነበረው፣ በ1043 ያረፈው ቄስና ሐኪም ኢብን አጥ-ጠይብ ነው። እርሱ የምሥራቅ ሶርያ አባቶችን ትርጓሜ በዐረብኛ ሰበሰበ፤ ዐረብኛው በግብጽ ክርስቲያኖች እጅ ገባ፤ ከዚያም ወደ ግዕዝ ተተረጐመ፤ ግዕዙም በጎንደር ጉባኤ በአማርኛ ተብራራ። ትምህርቱ በአራት ቋንቋ፣ እርስ በርሳቸው በተወጋገዙ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ተሻግሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ደርሷል። የመንዝ ተማሪ በቃሉ የሚያጠናው ፍች ከባግዳድ የተነሣ መሆኑን ባያውቅም ቃሉን ጠብቆታል።

ካውሊ ይህን በሁለት ትላልቅ መጻሕፍት አቅርበዋል፤ ሁለቱም የታተሙት በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። በ1983 የወጣው የዮሐንስ ራእይን ትርጓሜ የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለት የግዕዝ ትርጓሜዎችንና የአማርኛውን አንድምታ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ከቅብጥ ሊቃውንት የዐረብኛ ትርጓሜ ጋር ያነጻጽራል። ሁለተኛው በ1988 የታተመው፣ የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ በጠቅላላው የሚመረምረው ነው። ቄሱ በዚያው በ1988 ዓረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና ሃምሳ አልሞላም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ በዓለም ዙሪያ የተጠቀሰላቸው ግን አጭር ጽሑፍ ነው። በ1974 የወጣው ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አንድ የምትላቸው መጻሕፍት የትኞቹ እንደሆኑ ይመረምራል። ቍጥሩ የጸና ነው፤ አቈጣጠሩ ግን አንድ አይደለም። በአንደኛው ስሌት ብሉይ 54፣ ሐዲስ 27 ተደርጎ 81 ይሞላል። በሌላው ደግሞ ብሉይ 46 ሲሆን፣ በሐዲሱ 27 ላይ አራቱ የሲኖዶስ ክፍሎች፣ ሁለቱ የኪዳን መጻሕፍት፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ተጨምረው 35 ይሆኑና በድምሩ 81 ይመጣል። ካውሊ የመጀመሪያውን ጠባቡ፣ ሁለተኛውን ሰፊው ቀኖና ብለው ሰየሙ። ስያሜው ዛሬ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ ይሠራበታል። ነገሩ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ስለ ሰንበት የተካሄደው ክርክር በአብዛኛው የተመሠረተው በነዚሁ የሥርዐት መጻሕፍት ምስክርነት ላይ ነበር።

ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የካውሊ ጥናት የሚያነሣው ከባድ ጥያቄ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በመንዝ የኖረው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ የአማራው ባህል በኅብር ቃልና በተሸፈነ አነጋገር ላይ የቆመ መሆኑን ገልጾ፣ ይህ ጠባይ ግልጽና አንድ ትርጕም ብቻ ያለው ቋንቋ ከሚጠይቀው ከዘመናዊ አሠራር ጋር የሚጋጭባቸውን ሁኔታዎች አመልክቷል፤ ጥቅሙንም አልካደም። መጽሐፉ በሰፊው ስለ ተነበበ አገር በቀሉ ትምህርት በሙሉ የቅኔ ቤት ጠባይ ያለው መስሎ ለብዙዎች ታየ። የአንድምታ ጉባኤ ግን ከቅኔ ጉባኤ ቀጥሎ ያለ፣ አካሄዱም የተለየ ነው። ቅኔ ወርቁን በሰሙ ይሸፍናል። አንድምታ ፍቾቹን ሁሉ ወደ ብርሃን አውጥቶ በተርታ ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱም ማስረጃ ይጠይቃል። አንዱ ተማሪ ሁለቱን ጉባኤዎች በየተራ ያልፋል። እንግዲህ አገር በቀሉ ትምህርት ምርምርን አያለማምድም የሚለው አባባል፣ ቢያንስ ለመጻሕፍት ቤት፣ እንደገና መመርመር ይኖርበታል። በሌላ በኩል አንድምታ መጠይቁን በተወረሰው ፍች ወሰን ውስጥ የሚያቆም መሆኑ፣ ተማሪውም በራሱ ዐዲስ «አንድም» እንዲጨምር የማይበረታታ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ይህን ጕድለት የቤተ ክህነቱን ትምህርት የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አማርኛ ረቂቅ ሐሳብ መሸከም ያቅተዋል የሚል አስተያየት ከዘመናዊ ትምህርት መስፋፋት ጋር አብሮ ሲሰማ ኖሯል። በካውሊ መጻሕፍት ውስጥ የተተነተነው አማርኛ ግን ስለ ባሕርይና ስለ አካል፣ ስለ ዘመንና ስለ ዘለዓለም፣ ስለ ቃል ሥርና ስለ ንባብ ልዩነት የሚከራከር አማርኛ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የኖረው ሥርዐተ ትምህርት የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሳይኖረው፣ በቆሎ ተማሪና በየኔታ ትከሻ ነው። ቃላቱ አሉ፤ የሚገኙት ግን ለዘመናዊው መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ በማይደርስበት ስፍራ ነው።

የካውሊ ሥራ ራሱም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። ሁለቱም መጻሕፍት በእንግሊዝኛ፣ ለጥቂት ልዩ አጥኚዎች የተጻፉ ናቸው። ስለ አንድምታ ከተጻፉት ሁሉ የላቀው ጥናት አንድምታን በሚያስተምሩት መምህራን እጅ አለመግባቱ ያሳዝናል። የአማርኛው አንድምታ ግን በራሱ በአገር ውስጥ ለመታተም በቅቷል። የአራቱ ወንጌላት አንድምታ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲታተም፣ በዚያው ዓመት አለቃ ኪዳነ ወልድ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ በድሬዳዋ አሳተሙ። የሕዝቅኤል ትርጓሜ ለረዥም ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ያቀኑት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ካውሊ ይህን የሸዋውን ሊቅ ድካም የሚመለከት አንድ የግዕዝ መቅድም አጥንተው አውጥተዋል። በእንግሊዛዊው ቄስና በሸዋ ሊቃውንት መካከል ያለው ቀጥተኛው መገናኛ ይኸው ነው።

ካውሊ ለምርምራቸው ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው በዚህ ሥራ ከ8000 የሚበልጡ መጻሕፍት ፎቶግራፍ የተነሡ ሲሆን፣ ከእነርሱ ብዙው ክፍል የተገኘው በቀድሞው የሸዋ ክፍለ ሀገር ከሚገኙ አድባራትና ገዳማት ነው። ካታሎጉን ከአዘጋጁት ሊቃውንት ዋናው ጌታቸው ኀይሌ ናቸው። በካታሎጉ ውስጥ «መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚለው የቦታ ስም ደጋግሞ ይገኛል። ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይነበባል። ብራናዎቹ ግን በየደብሩ ዕቃ ቤት ናቸው፤ ከአንዳንዱ ደብር እስከ ቅርቡ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው መንገድ የእግር መንገድ ነው።